መርከብ ላይ የሚከፈል ቀብድ ለድሬ ሰው ያዋጣል?

በትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእንግዳ መቀበያው ብዙም ሳይርቅ፣ የሚቀጥለውን ጉዞ የሚሸጥ ጠረጴዛ አለ። ከመርከብ ኩባንያዎቹ ሮያል ካሪቢያን «ኔክስትክሩዝ»፣ ኖርዌጂያን «ክሩዝኔክስት» ይሉታል፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን ስም አውጥተውለታል። ሥራው ግን አንድ ነው፤ ተሳፋሪው ደስታው ሳይበርድ፣ ለሌላ ጉዞ ቀብድ አስይዞ እንዲወርድ ማድረግ። በምላሹ ቅናሽ፣ አነስ ያለ ቀብድ ወይም በሚቀጥለው ጉዞ መርከቡ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ይሰጠዋል። ልጆቻቸው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ጋብዘዋቸው ከድሬዳዋዎቹ ከዚራና ሳቢያን ወይም ከሐረር ጀጎል ተነስተው የሚሳፈሩ ወላጆች እዚህ ጠረጴዛ ፊት ሲደርሱ የሚቀርብላቸው ወረቀት የተዘጋጀው ፓስፖርቱ ቪዛ ለማያስጠይቀው፣ ባንኩም ዶላር ለማይቸግረው ሰው ነው። ስለዚህ እዚህ አገልግሎቱን የምንመዝነው በድሬ ሰው ፓስፖርትና በድሬ ሰው ኪስ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ቀኑ ክፍት የሆነና ገንዘቡ ተመላሽ የሚሆን ቀብድ ካገኛችሁ ያዙት፤ ጥሩ ነገር ነው። ቀኑ የተቆረጠ ጉዞን፣ በተለይ ተመላሽ በማይሆን ቀብድ፣ መርከብ ላይ ሆናችሁ አትግዙ። ቅናሹ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ቪዛውና የውጭ ምንዛሪው በእናንተ እጅ ስላልሆኑ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የምትሰሙት «ክሬዲት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ዱቤ አይደለም፤ የሚመለስ ዕዳም የለበትም። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርቱ ከተመዘነ በኋላ ሻጯ ከላይ ጣል የምታደርጋት ምራቂ ናት፤ ይህችኛዋ ምራቂ ግን የምትሰጠው በሚቀጥለው ገበያ ነው። «ኦንቦርድ ክሬዲት» ሲሏችሁ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ መርከብ ስትወጡ ሂሳባችሁ ላይ ተመዝግቦ የሚጠብቃችሁ ገንዘብ ማለታቸው ነው። ለኢንተርኔት፣ ወደብ ላይ ለሚደረግ ጉብኝት፣ በተጨማሪ ክፍያ ለሚበላበት ምግብ ቤት ይውላል። ከጉዞው ዋጋ ላይ አንድ ሳንቲም አይቀንስም። ቁማር ቤቱም በአብዛኛው አይቀበለውም።

«ፊውቸር ክሩዝ ክሬዲት» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህኛው የሚመጣው ኩባንያው ጉዞ ሲሰርዝ ወይም ሲያስተጓጉል በካሳ መልክ፣ አንዳንዴም ተመላሽ ባልሆነ ቀብድ ፈንታ ሲሆን፣ የሚቀነሰው ከጉዞው ዋጋ ላይ ነው። የወደብ ክፍያና ግብርን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ ከተጻፈበት ሰው ስም ወደ ሌላ ማዞርም አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን በጥንቃቄ አንብቡ። «እስከዚህ ቀን ድረስ ጉዞ ያዙበት» የሚል አለ፣ «እስከዚህ ቀን ድረስ ተሳፈሩበት» የሚል አለ። በሁለቱ መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው አንብቦ መቅረት የተለመደ ስህተት ነው።

ኩባንያዎቹ የሚሸጡት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። ለእኛ ሰው የሚስማማው ፕሪንሰስ ለዓመታት ሲሸጠው የቆየው ዓይነት ነው፦ ለአንድ ሰው 100 ዶላር ታስይዛላችሁ፣ መርከብም ቀንም አትመርጡም፣ 2 ዓመት ጊዜ አላችሁ፣ ካልተሳካላችሁ ገንዘቡ ይመለሳል። ከተሳካ ያችው 100 ዶላር የጉዞው ቀብድ ትሆናለች፤ እንደ ጉዞው ርዝመት ደግሞ መርከብ ላይ የምታወጡት ገንዘብ ይጨመራል። ሆላንድ አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ይሸጣል። ዲዝኒ 250 ዶላር ያስይዛል፤ ይህም ተመላሽ ነው። ምላሹ ግን ምራቂ ሳይሆን የ10 በመቶ ቅናሽ ነው። የዲዝኒ ጉዞ ውድ ስለሆነ 10 በመቶው ከሌሎቹ ምራቂ ይበልጣል፤ የልጅ ልጆች አብረው የሚሄዱ ከሆነ ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ነው። ኖርዌጂያን የሚሸጠው ወደፊት ከጉዞ ዋጋ ላይ የሚቀነስ ሰርተፊኬት ነው። በወረቀት ላይ ከከፈላችሁት በላይ ዋጋ ተጽፎበት የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ ዓይን ይስባል፤ ከመግዛታችሁ በፊት «ካልተጠቀምኩበት ገንዘቤ ይመለሳል ወይ?» የሚለውን ብቻ ጠይቁና መልሱን ጽፈው እንዲሰጧችሁ አድርጉ።

ሮያል ካሪቢያን ጋ የምራቂው መጠን በሌሊቱ ብዛትና በክፍሉ ዓይነት ይለያያል፤ መስኮት ለሌለው ክፍል ያነሰ፣ በረንዳ ላለው የተሻለ፣ ለስዊት ከሁሉም የበለጠ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሁለት ዋጋ ታሳያችኋለች፤ አንደኛው ቀብዱ ተመላሽ የሚሆንበት፣ ሁለተኛው ረከስ ብሎ ተመላሽ የማይሆንበት ነው። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ በኋላ መርከብ ወይም ቀን ለመቀየር ለአንድ ሰው 100 ዶላር ይቆረጣል። ለአባትና ለእናት 200 ዶላር ማለት ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ካገኛችሁት ምራቂ ይበልጣል። ለዚህ ነው ርካሹን ዋጋ ተው የምንለው።

ምራቂው በገንዘብ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማየት አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሁለት ሰው፣ 7 ሌሊት፣ በረንዳ ያለው ክፍል፣ ለክፍሉ 100 ዶላር ምራቂ ተሰጠ እንበል። በአሜሪካዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች የየቀኑ የሠራተኛ ጉርሻ ለተራ ክፍል በነፍስ ወከፍ ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። በ18 ብናስበው፣ 18 በ2 ሰው በ7 ቀን 252 ዶላር ይሆናል። ምራቂው ጉርሻውን እንኳ በግማሽ አይሸፍንም። ስለዚህ «100 ዶላር ሰጡን» ብሎ የአንድ ሺህ ዶላር ውሳኔ መወሰን አይገባም። ቀብዱ ከተለመደው ማነሱ ግን እውነተኛ ጥቅም ነው። ሮያል ካሪቢያን ለ7 ሌሊት ጉዞ የሚያስይዘው የተለመደ ቀብድ በነፍስ ወከፍ 250 ዶላር ነው፤ በዚያ ፈንታ 100 ዶላር ብቻ ከሚያስይዝ ኩባንያ ዘንድ ለሁለት ሰው 300 ዶላር ለወራት በእጃችሁ ይቆያል።

አልኮል ለማይቀምሱ ቤተሰቦች አንድ ምክር እዚህ ላይ ጣል እናድርግ። ጠረጴዛው ላይ «ነፃ የመጠጥ ጥቅል» እና «የመርከብ ላይ ገንዘብ» አማራጭ ሆነው ከቀረቡ ገንዘቡን ውሰዱ። ነፃ በተባለው መጠጥ ላይ የአገልግሎት ክፍያ የሚያስከፍሉ አሉ፤ ያልጠጣችሁበትን ትከፍላላችሁ። ገንዘቡ ለጉርሻ ይውል እንደሆነም ጠይቁ፤ ከተፈቀደ ከዚያ የተሻለ መጠቀሚያ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቪዛው እንምጣ። የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ከ6 ወር በፊት አይቀበሉም። ከ5 ሌሊት ጀምሮ ላሉ ጉዞዎች ሮያል ካሪቢያን ቀሪውን ሂሳብ የሚሰበስበው ከመነሻው 90 ቀን በፊት ነው፤ የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህን በእኛ አቆጣጠር እናስላው። መርከቡ መስከረም 30፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10፣ የሚነሳ ከሆነ ቪዛ ማመልከት የምትችሉት ከሚያዝያ 2 ጀምሮ ነው። ቀሪው ሂሳብ የሚከፈለው ሐምሌ 5 ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀጠሮ መያዝ፣ ለአሻራ አዲስ አበባ መውጣት፣ ውጤቱን መጠበቅ አለ። የመደበኛው መልስ 15 ቀን ቢባልም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ቀጠሮው በግንቦት መጨረሻ ከተገኘ መልሱ ከሐምሌ 5 በኋላ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ከክፍያው ቀን በፊት ከሰረዛችሁ ተመላሽ የሆነው ቀብድ ይመለሳል፤ ከከፈላችሁ በኋላ ከሰረዛችሁ ግን ቅጣቱ መነሻው በቀረበ ቁጥር ከፍ እያለ ይሄዳል። ባለፉት 59 ወራት ውስጥ ለሸንገን አሻራ የሰጠ ሰው ግን እንደገና ላይጠየቅ ይችላል፤ የድካሙን ግማሽ ይቀንሳል።

የመግቢያው ቁጥርም ከቀኑ እኩል አስፈላጊ ነው። ከአቴንስ ተነስቶ ቱርክ ደርሶ ግሪክ የሚመለስ መርከብ ከሸንገን ወጥቶ ይገባል፤ ቱኒዚያ የሚደርሰውም እንዲሁ ነው። ነጠላ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው መሳፈሪያው ላይ ሊመለስ ይችላል። ክሮኤሺያ ከ2023 ጀምሮ የሸንገን አባል ስለሆነች ዱብሮቭኒክ መቆሙ በዚህ በኩል ችግር የለውም። ከዱባይ የሚነሱትም ወጥመዱ አላቸው። ዶሃ ደርሶ ወደ አቡ ዳቢ ወይም ወደ ዱባይ የሚመለስ መርከብ ኤምሬትስን ለቅቆ ስለሚመለስ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ይፈልጋል። አሜሪካ ደግሞ በጁላይ 2025 ለኢትዮጵያውያን የጎብኚ ቪዛን ነጠላ መግቢያና የሦስት ወር አድርጋዋለች። ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ ማያሚ የሚመለስ ጉዞ በዚህ ቪዛ አይቻልም ብላችሁ ተነሱ፤ ሕጉ ስለሚቀያየር ግን ከማመልከታችሁ በፊት አጣሩ። የጠረጴዛው ሠራተኛ ስለዚህ ሁሉ አትጠየቅም፤ የሸጠችላችሁ ቦታ እንጂ ቪዛ አይደለም። ውሉም ሰነድ ማሟላት የተሳፋሪው ኃላፊነት ነው ይላል።

መርከቡም ራሱ ሊቀየር ይችላል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባህር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ከአውሮፓ ወደ ባህረ ሰላጤው በስዊዝ የሚያልፉ ብዙ ጉዞዎች ተሰርዘዋል፤ የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት ጉዟቸውን ከነጭራሹ ከዱባይ ያነሱም አሉ። ኩባንያው ሲሰርዝ የከፈላችሁት ይመለሳል። የአውሮፕላን ትኬታችሁን ግን ለብቻ ከገዛችሁ እሱ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ መሳፈሪያው ከተማ ድረስ ያለውን በአንድ ትኬት ግዙ፤ የድሬው በረራ ቢዘገይ ቀጣዩን የሚያገናኛችሁ አየር መንገዱ ይሆናል። መሳፈሪያው ከተማም ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። ለሮም የተጻፈው ጉዞ በርግጥ የሚነሳው ከቺቪታቬክያ ነው፤ ከሮም 70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ስለ ክፍያ። ቀብዱ የሚጻፈው በመርከቡ ሂሳባችሁ ላይ ስለሆነ የሚከፈለው በዚያ በተመዘገበው ካርድ ነው። ቀላል ነው፤ ማሳሳቻውም ይኸው ቅለቱ ነው። ቀሪው ሂሳብ የሚጠየቀው እናንተ ድሬዳዋ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ፣ በዶላር ወይም በዩሮ፣ በተቆረጠ ቀን ነው። በዚያ ቀን ካልተከፈለ ቦታው ይሰረዛል። ስለዚህ ቀሪውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ካርድ እንደሆነ ቀብዱን ከማስያዝ በፊት ይወሰን። ውጭ ያለው ልጅ የሚከፍል ከሆነ ቡኪንጉ (የጉዞው ምዝገባ) ላይ የሱ ኢሜይልም ይግባ፤ የክፍያው ማስታወሻ የሚመጣው በኢሜይል ነው። የአገር ቤት ባንክ የሰጣችሁን ቅድሚያ የተሞላ የጉዞ ካርድ ለመርከቡ ሂሳብ ካስመዘገባችሁ ደግሞ መርከቡ በየቀኑ ከካርዱ ላይ ገንዘብ ይይዛል። የተያዘው እስኪለቀቅ ከወረዳችሁ በኋላ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል፣ ሮም ወይም ዱባይ ላይ ለሆቴል ባዶ ካርድ ይዛችሁ እንዳትቆሙ ሌላ ገንዘብ ያዙ።

ስም ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የመርከቡ ኮምፒውተር ግን የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ሠራተኛዋ በቃል የሰማችውን ስትጽፍ የአባት ስም አንዴ ከራስ ስም ጋር፣ አንዴ በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። ፓስፖርቱን አውጡና ልክ እዚያ እንዳለው ፊደል በፊደል እንድትጽፈው አድርጉ። ባልና ሚስት፣ አያትና የልጅ ልጅ የተለያየ የመጨረሻ ስም ስለሚይዙ ኮምፒውተሩ አንድ ቤተሰብ አድርጎ አያያቸውም፤ ሁለት ክፍል ከያዛችሁ ቡኪንጎቹን እንድታያይዛቸው ጠይቁ። የልደት ቀን የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በአሜሪካ ኩባንያ ፎርም ላይ ወሩ ከቀኑ ይቀድማል፤ 04/07 ኤፕሪል 7 እንጂ ጁላይ 4 አይደለም።

ክፍት ቀን ያለው ቀብድ የሚመዘገበው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው በክፍሉ ውስጥ ተሳፋሪ መሆን አለበት። እማዬ በርግጥ እንደምትሄድ፣ አባዬ ግን እንደሚያጠራጥር ካወቃችሁ በእማዬ ስም ይሁን። ምራቂው በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በክፍል የሚለውንም እዚያው ጠይቁ። በክፍል ከሆነ ለሁለት ሰው ሁለት ቀብድ ማስያዝ ምራቂውን አያበዛውም።

የመጀመሪያውን ጉዞ የያዘላችሁ የጉዞ ወኪል ካለ ስሙን ለጠረጴዛው ስጡ፤ አዲሱ ቡኪንግ በሱ ስር ይሁን። ምራቂው አይቀርባችሁም፤ ወኪሉም የራሱን ጨምሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። ግን አንድ ነገር እወቁ። ቡኪንጉ የወኪል ከሆነ ኩባንያው በስልክ በቀጥታ አያናግራችሁም፤ ለውጥ ሁሉ በወኪሉ በኩል ያልፋል። ወኪሉ ከአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ከሆነ ከድሬ ጋር የ7 እና የ8 ሰዓት ልዩነት፣ ከምዕራቡ ዳርቻ ከሆነ ደግሞ የ10 እና የ11 ሰዓት ልዩነት አለና ጉዳዩን የሚከታተል ልጅ ወይም የእህት ልጅ እዚያ ይኑር። ወኪል ሳይጠቀስ ከያዛችሁ በኋላም ለወኪል ማዛወር ይቻላል፤ ግን የቀን ገደብ አለው፣ ቀሪው ሂሳብ ከተከፈለም አይሆንም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጠረጴዛው የሚጨናነቀው መርከቡ ቀኑን ሙሉ በባህር ላይ በሚውልበት ጊዜ፣ በተለይ በመጨረሻው የባህር ቀን ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ወደ ወደብ በወረደበት ሰዓት ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ልትሄዱባቸው የምታስቧቸውን ሁለት ወይም ሦስት ጉዞዎች፣ የመርከቡን ስም፣ የመነሻውን ቀንና የዚያን ዕለት ዋጋ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። «ቅናሽ» የተባለው ዋጋ አስቀድማችሁ ፎቶ ካነሳችሁት ዋጋ ጋር ሳይነጻጸር ትርጉም የለውም። ብዙ ጊዜ ዋጋው ያው ይሆንና ምራቂው ብቻ ይጨመራል። ይህም ምንም አይደል፤ ዋጋው ሳይጨምር የተገኘ ምራቂ ጥሩ ነው። መርከቡ ላይ የሚታየው ዋጋ ቤት ሳላችሁ ካያችሁት ከበለጠ ግን አመስግናችሁ ተነሱ። ከገዛችሁ በኋላ ዋጋው ከወረደ፣ ቀሪውን ሳትከፍሉ ከሆነ፣ በአዲሱ ዋጋ እንዲያስተካክሉላችሁ መጠየቅ ይቻላል። ሲያስተካክሉ ግን በአሮጌው ዋጋ የተሰጠው ምራቂ ሊነሳ ስለሚችል ሁለቱን ደምራችሁ አወዳድሩ።

ከጠረጴዛው ስትነሱ በእጃችሁ መኖር ያለበት የቡኪንግ ወይም የቀብድ ቁጥር፣ የመመለሻው ሁኔታ፣ የመጨረሻው ቀንና የምራቂው መጠን የተጻፈበት ወረቀት ነው። ፎቶ አንሱና ለሚከፍለው ልጅ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ያኔውኑ ላኩለት። ከወረዳችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ቀብዱ በስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ፤ ካልታየ ያ ወረቀት ነው ማስረጃው።

ምራቂውን በምትጠቀሙበት ጉዞ ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እንግዳ መቀበያ ሄዳችሁ ሂሳባችሁን አሳትሙ። ገንዘቡ ሁለት ዓይነት ነው፤ ካልተጠቀማችሁበት በጥሬው የሚመለስና የማይመለስ። ከወኪል ወይም ከማስተዋወቂያ የመጣው አብዛኛውን ጊዜ የማይመለሰው ነው፤ በመጨረሻው ሌሊት ካልወጣ ይጠፋል። ሁለቱም ካላችሁ የማይመለሰው ቀድሞ እየተቀነሰ መሆኑን አጣሩ። ከመሳፈር በፊት በኢንተርኔት የሚሸጡት ጉብኝትና ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ መርከብ ላይ ከሚሸጡት ይረክሳሉ፤ ምራቂው ግን በብዙዎቹ ኩባንያዎች የሚሠራው መርከብ ላይ ለተገዛ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ርካሹን ቀድማችሁ በካርድ ገዝታችሁ ምራቂውን ለጉርሻና ለምግብ ብታውሉት ይሻላል። የማይመለስ ገንዘብ ከተረፈ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ሳይዘጋ፣ ለጎረቤት የሚሆን ነገር ግዙበት። የሂሳቡን ስህተት ለማስተካከልም ያችኑ ማታ ሂዱ። ጠዋት ላይ እንግዳ መቀበያው ፊት ያለው ሰልፍ ረጅም ነው፤ የሚቀጥለውን ጉዞ የሚሸጠው ጠረጴዛም ተዘግቶ ይጠብቃችኋል።